የቀይ እርሳስ ባለቤት

አይዴላ ሮው ትምህርት ቤት በስሟ ሊሰየምላት አምስት ሰዓት ሲቀረው፣ ቁም ሳጥኗ ሥር ተንበርክካ አንድ የጫማ ካርቶን ትጎትት ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመት መንበርከክ ቀላል አይደለም፤ መነሳቱ ደግሞ ይብሳል። ካርቶኑ ውስጥ የእናቷ የመዝሙር መጽሐፍ፣ ባሏ የተቀበረ ዕለት የታደለው ወረቀትና በአራት የታጠፈ፣ ዳር ዳሩ የወየበ አንድ ቅጠል ወረቀት አለ። የፈለገችው ይህን ቅጠል ነው። ሳትዘረጋው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ምን እንደተጻፈበት ታውቀዋለች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሯት ኖሯል።

ኮልስ ነክ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የምትኮራበት ነገር ሁለት ነው፤ አንዱ ሸርጣኗ፣ ሌላዋ አይዴላ። ሸርጣኑ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዷል፤ አይዴላ ግን ይኸው አለች። ሰው መጀመሪያ ወደ ጠፈር በተላከበት በዚያ ዘመን፣ መንኮራኩሩ የት ወጥቶ የት እንደሚወርድ በእርሳስ ካሰሉት ሰዎች አንዷ እሷ ናት፤ ያውም ጥቁር፣ ያውም ሴት። የከተማው ሰው ይህን ሲያወራ አንድ ነገር ሳይጨምር አያልፍም። አይዴላ ተሳስታ አታውቅም ይላል። አንድ ጊዜ የጊልያድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር የሚመጣውን ዓመት ፋሲካ ቀን ከመድረክ ሲያውጁ፣ ጉባኤው በሙሉ ዞሮ የአይዴላን ፊት አየ። እሷ ቅንድቧን ትንሽ ከፍ አደረገች። ፓስተሩም ጉሮሯቸውን ጠረጉና እዚያው ቆመው ቀኑን አረሙ።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በበዓሏ ቀን ላብ ላብ የሚላት።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው እሑድ ነው። ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ባለው ወጥ ቤት ተሰብስበው ለበዓሉ ምግብ ይከፋፈላሉ፤ አንዷ ዶሮ ልጥበስ ትላለች፣ ሌላዋ የድንች ሰላጣው የእኔ ነው ትላለች። ለመቶ ሰማንያ እንግዳ ስንት ጠረጴዛ እንደሚበቃ ማስላት ነበረባቸው። አንዷ ሳህን የምታደራርቀውን ዊላ ሜይ ጋስኪንስን ጠየቀቻት። ዊላ ሜይም እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ «ኧረ እኔን ቁጥር አታስነኩኝ። እኔ የነካሁት ቁጥር ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። እህት አይዴላን ጠይቋት» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ራሷ ዊላ ሜይ ነበረች። አይዴላ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት፤ ሳትስቅ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች።

እስከዚያ እሑድ ድረስ አይዴላ ራሷን የምታጽናናበት አንድ ነገር ነበራት። ዊላ ሜይ ሁሉን ታውቃለች፣ አውቃም ሆድ ይፍጀው ብላ ትታዋለች ብላ ታምን ነበር። እሷ በቀኝ በኩል ሦስተኛው መደዳ፣ ዊላ ሜይ በግራ በኩል አምስተኛው መደዳ ተቀምጠው ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ዘምረዋል። ሰላም ይባባላሉ፤ ሰው ሲሞት አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ። ከዚህ ሁሉ ሰላምታ ውስጥ አይዴላ ይቅርታ ለቅማ ኖራለች። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ዊላ ሜይ የምታውቀው ነገር የለም። እስከ ዛሬ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታምነው።

ያን ጊዜ ላቦራቶሪው ውስጥ ከዋናው ሕንጻ ርቆ፣ ከአውሮፕላኖቹ መጠለያ ጀርባ አንድ ረጅም ክፍል ነበር። አሥራ አራት ሴቶች፣ ሁሉም ጥቁሮች፣ ሁሉም ሂሳብ የተማሩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የሂሳብ መኪና ፊት ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲሠሩ ይውላሉ። መኪኖቹ ባንድ ጊዜ ሲንቀጫቀጩ ክፍሉ ልብስ ስፌት ቤት ይመስላል። አለቃቸው ሚስስ ፔቲፎርድ የሚባሉ፣ ሲራመዱ ጫማቸው ድምፅ የማያሰማ ሴት ነበሩ። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንዷ ወረቀቱን በጥቁር እርሳስ ትሠራለች። ሌላዋ የመጀመሪያዋን ቁጥር ሳታይ ከሥሩ ጀምራ በራሷ ረቂቅ ላይ እንደገና ትሠራዋለች። ከገጠመ ጎን ጎኑን በቀይ እርሳስ ምልክት እያደረገች ወርዳ ግርጌው ላይ ስሟን ትፈርማለች። ስህተት ካለፈ የምትጠየቀው የቀይ እርሳሱ ባለቤት ናት። ሚስስ ፔቲፎርድ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይህንኑ ይደጋግማሉ፤ መሳሳትማ የሰው ነው፣ አረጋጋጭ የተቀጠረችው ለዚያ ነው ይላሉ።

አንድ ሐሙስ ቀን መሐንዲሱ ሚስተር ሃልቨርሰን ከዋናው ሕንጻ መጣና አይዴላን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ እንድትገባ ጠየቃት። ነገሩ ካማረ ከሚመጣው ወር መባቻ ጀምሮ መንኮራኩሩን ከሚያሰላው ቡድን ጋር እዚያው ትሠራለች። ከእነዚያ አሥራ አራት ሴቶች በዚያ በር የገባች አንዲት እንኳ አልነበረችም። ሃልቨርሰን ሲወጣ ክፍሉ ድብልቅልቁ ወጣ። ሚስስ ፔቲፎርድ፣ በሥራ ሰዓት ማስቲካ እንኳ የማያስነኩት ሴትዮ፣ ከመሳቢያቸው የስኳር ድንች ፓይ አውጥተው ቆረሱ።

አይዴላ ከመሄዷ በፊት የምትጨርሰው አንድ ወረቀት ቀርቷት ነበር። መንኮራኩሩ ወደ ምድር ሲመለስ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ከላይ ተሰጥቷል፤ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ። አንድ ዲግሪ ስልሳ ደቂቃ ስለሆነ ሠላሳው ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ መኪናው ውስጥ መግባት ያለበት 38.5 ነው። ይህን ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ የለም። አይዴላ ግን ልቧ ስብሰባው ውስጥ ነበርና 38.30 ብላ አስገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንዲት እንኳ ሳትስት በትክክል ሠራችው። የተሳሳተ ቁጥር ላይ ቆሞ ወረቀቱ ጥንቅቅ ብሎ አማረ።

ዊላ ሜይ ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅ እናት፣ ጸጥ ያለች፣ ፈጣን። ረቂቋን ይዛ ወደ አይዴላ ጠረጴዛ መጣች።

«ሚስ አይዴላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔ ከእርስዎ ጋር አልገጠመልኝም።»

«የቱ ጋ?»

«ከሦስተኛው ዓምድ ጀምሮ ሁሉም።»

አይዴላ ነጭ ጓንቷን እያጠለቀች ነበር። ወረቀቱን አላየችውም። ከላይ ጀምሮ ከሆነ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፣ ቁጥሩን ስታስገቢ ጣትሽ ስቶ ይሆናል አለቻት። ዊላ ሜይ ሁለት ጊዜ እንደሠራችው ተናገረች። ያን ጊዜ አይዴላ ቀና ብላ ፈገግ አለችና ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ጠየቀቻት።

«ዊላ ሜይ፣ እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ዊላ ሜይም አብራ ሳቀች። ረቂቋን አጣጥፋ የረቂቅ መጣያው ውስጥ ጣለችው፤ ቀይ እርሳሷን አንስታ ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረገችና ግርጌው ላይ ፈረመች። ሦስተኛ ጊዜ አልሠራችውም። አይዴላ ሁለት ደቂቃ ቀድማ ስብሰባው ደረሰች።

ባዶው መንኮራኩር፣ ደግነቱ ሰው አልነበረበትም፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተተኩሶ ሲመለስ መርከቦቹ ከሚጠብቁበት አርባ ማይል ርቆ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሲፈልጉት ዋሉ። በማግስቱ ሃልቨርሰን ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ተቆጥቷል ከማለት ግራ ተጋብቷል ማለት ይቀላል። አይዴላ ወረቀቱን እንዳየችው ዓይኗ 38.30 ላይ አረፈ።  ረቂቆች የሚቃጠሉት በየወሩ መጨረሻ ነውና ማንም ሳያያት መጣያውን በረበረች። የዊላ ሜይን ረቂቅ አገኘችው። 38.5 ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ኅዳጉ ላይ ዊላ ሜይ የአይዴላን ውጤት ከራሷ አጠገብ ገልብጣ የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች።

አይዴላ ወረቀቱን ይዛ ሚስስ ፔቲፎርድ ቢሮ ገባች። ሴትዮዋ አነበቡት። በሩን እንድትዘጋው አዘዟት።

«ሰኞ የምትገቢው የት ነው?»

«ዋናው ሕንጻ።»

«ከእኛ እዚያ የገባ አለ?»

«የለም።»

«ስሚኝ ልጄ። የእኔ ነው ብለሽ ከወጣሽ የሚባረረው አንድ ሰው አይደለም። አላልናችሁም ነበር ብለው ያንን በር ለሃያ ዓመት ይከረችሙታል። ዊላ ሜይ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች። አቃጥዪው።»

አይዴላ አላቃጠለችውም። አልተናገረችምም። ደግ መሆን አቃታት፣ ክፉም መሆን በቅጡ አልሆነላትም፤ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ዊላ ሜይን ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ቀዩ ፊርማ ያንቺ ነው ወይ አሏት፤ አዎ አለች። አረጋግጠሽዋል ወይ አሏት፤ አዎ አለች። የአይዴላን ስም አላነሳችም፤ ቀዩ እርሳስ የእኔ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብላ ነበርና፤ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነም የነገራት የለም። ዓርብ ዕለት ኮቷንና የምሳ ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ሸርጣን መፈልፈያ ቤት ሠራች። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጣቶቿ ይሰነጣጠቃሉ። አይዴላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እነዚያን ጣቶች የመዝሙር መጽሐፍ ሲገልጡ ታያለች፤ አይታም ወደ ራሷ መጽሐፍ ትመለሳለች።

ሰኞ የገባችበት በር ግን በእርግጥም አልተዘጋም። ከእሷ በኋላ ሁለት ገቡ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር ተተወ። ሚስስ ፔቲፎርድ ልክ ነበሩ። ለአይዴላ ከሁሉ የከበዳት ይኸው ነበር፤ ልክ ባይሆኑ ኖሮ ሴትዮዋን ጠልታ ትገላገል ነበር።

በበዓሉ ጠዋት አይዴላ ዊላ ሜይን በረንዳዋ ላይ የአስተናጋጅ ነጭ ቀሚሷን ስትተኩስ አገኘቻት። የጊልያድ ሴቶች በዓል ሲኖር ነጭ ለብሰው እንግዳ ያስቀምጣሉ፤ ዛሬ ተራው የዊላ ሜይ ነው። አይዴላን ስታይ ካውያውን አቆመች።

«እህት አይዴላ! በበዓልዎ ቀን እዚህ ምን ያደርጋሉ? ፀጉርዎን እንኳ አልተሠሩም።»

አይዴላ አስቀድማ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት። ሁሉም ጠፋት። ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። ዊላ ሜይ መነጽሯን አድርጋ ዘረጋችውና፣ ይሄ የእኔ ጽሕፈት ነው አለች፤ እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። አይዴላ ተቀመጪ ሳትባል የበረንዳው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ጓንቱን፣ ሠላሳ ደቂቃውን፣ መጣያውን፣ ሚስስ ፔቲፎርድን። ስታወራ ዓይኗ ካውያው ላይ ነበር። ከካውያው ጋር የምትነጋገር ነው የሚመስለው።

 ዊላ ሜይ ወረቀቱን ከላይ ያለው ማዕዘን ብቻ እንዲታይ አድርጋ አጠፈችው፤ ሥሩን ላለማየት። ቤት ገብታ ሽፋኑ የተገነጠለ የትምህርት ቤት ሂሳብ መጽሐፍ፣ አንድ ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣች። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የማዕዘን ሠንጠረዥ አለው። የመተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ በእጇ መሥራት ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እርሳሱ ያመነታል፤ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ ጣቶቿ ላይ ትቆጥራለች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ መሰረዝ ተወች። አራተኛው ላይ ከንፈሯ መንቀሳቀስ አቆመ። አይዴላን ሊወስዳት የተላከው መኪና መንገዱ ማዶ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፣ ሄደ። ሁለቱም ቀና አላሉም።

ስትጨርስ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ ከደብተሩ ጎን አስቀመጠችው። በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች።

«ትክክል ነበርኩ» አለች።

«ነበርሽ።»

«ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

ዊላ ሜይ መነጽሯን አወለቀች። አይዴላ ስድብ ጠበቀች፤ እንዲያውም ተመኘችው። ዊላ ሜይ ግን የተገነጠለውን መጽሐፍ አነሳች።

«ይሄ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሎሬይን ነው፣ የልጄ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት አስተማሪዋ እቤት ድረስ መጣ። ይቺ ልጅ መሐንዲስ መሆን አለባት፣ ኮሌጅ አለላት፣ ፈርሚልኝ አለኝ። አልፈረምኩም። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ልጄ፣ ይሄ ነገር በደማችን የለም፤ እናትሽ ሞክራ የመንግሥት መንኮራኩር ባሕር ከተተች አልኳት። እንዳትዋረድ ብዬ ነው። ሦስት ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ተወችው።»

አይዴላ ሎሬይንን ታውቃታለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ልጆቹን የምታራግፈው አይዴላ ሮው ተብሎ በሚሰየመው ትምህርት ቤት በር ላይ ነው።

ይህን አይዴላ አላሰበችውም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጸጸት የኖረችው ስለ አንድ ሥራ ነው፤ ስለ አንድ ወንበር፣ ስለተሰነጣጠቁ ጣቶች። ሌላ ሰው መኖሩ እንኳ በሐሳቧ ዞሮ አያውቅም። 

«ዛሬ መድረኩ ላይ እናገራለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ባለበት።»

«ተናገሪ» አለች ዊላ ሜይ። ካውያውን እንደገና አነሳች። «አሁን ሂጂና ፀጉርሽን ተሠሪ። እኔም ቀሚሴ አልደረሰም፤ እንግዳ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።» ወረቀቱን አልመለሰችላትም።

የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ጢም ብሏል። ዊላ ሜይ በነጭ ቀሚስና በነጭ ጓንት ሰውን እየመራች ታስቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ከንቲባው ተናገሩ፣ ርዕሰ መምህሯ ተናገሩ፣ ፓስተሩም የፋሲካውን ታሪክ አንስተው ሰውን አሳቁ። እያንዳንዳቸው ተሳስታ አታውቅም ማለትን አልረሱም። በመጨረሻ አይዴላን ጠሯት።

የተጻፈ ንግግሯን ቦርሳዋ ውስጥ ተወችው።

«ስለ እኔ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከተባለው ውስጥ አንዱ ውሸት ነው። ተሳስቻለሁ። በእኔ ስህተት የተባረረችው ግን እኔ አልነበርኩም፤ ዛሬ ወንበር ስታስይዛችሁ የነበረችው ዊላ ሜይ ጋስኪንስ ናት። እሷ ትክክል ነበረች። አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። ይሄ ስም የሚገባው ለእሷ ነው።»

 ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ተነሱና፣ «ኧረ አይዴላማ ተሳስታ አታውቅም!» አሉ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ጭብጨባ ሆነ፣ ጭብጨባው ሁሉንም ከመቀመጫው አስነሳ። ፓስተሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወደ መድረኩ ወጥተው አቀፏት፤ ክብሯን ከእህቷ ጋር የምትካፈል፣ ትሕትና ማለት ይቺ ናት አሉ በድምፅ ማጉያው። አይዴላ ትሕትና አይደለም፣ ስሙኝ እንጂ እያለች ማጉያውን ልትይዝ ስትሞክር፣ ንግግሯን ስትጨርስ እንዲጀምሩ የተነገራቸው የትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞች ጀመሩ። ከበሮና መለከት ነው፤ ማን ይሰማታል። በዚያ ረጅም ክፍል ውስጥ ጓንቷን እያጠለቀች የጠየቀችው ጥያቄ አሁን መቶ ሰማንያ ሰው ቆሞ እያጨበጨበ መለሰላት።

ከመድረኩ ላይ ሆና ዊላ ሜይን ፈለገቻት። ዊላ ሜይ በመተላለፊያው ወደ ኋላ እየሄደች ነበር። ከኋላው በር አጠገብ ሎሬይን የሾፌር ጃኬቷን እንደለበሰች ቆማለች፤ ሙዚቀኞቹን ያመጣቻቸው እሷ ናት። ዊላ ሜይ ከነጭ ጓንቷ ውስጥ የወየበውን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። ምን እንዳለቻት አይሰማም፤ ብዙ ግን አላለችም። ሎሬይን ወረቀቱን ይዛ አጎነበሰች። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ጣቷን ዓምዱ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች፣ ኅዳጉ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ጋ ቆመች፣ እንደገና ወደ ላይ ተመለሰች።

ምግብ ሲቀርብ ሰው አይዴላን ከቦ ይስማታል፣ ፎቶ ያነሳታል። ሎሬይን በሰው መሐል ተጋፍታ መጣች። አልጨበጠቻትም። ወረቀቱን ዘርግታ አሳየቻት።

«ሚስ አይዴላ፣ እናቴ የነገረችኝ ረቂቁ የእሷ፣ ኅዳጉ ላይ ያለው ውጤት የእርስዎ መሆኑን ብቻ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ አልነገረችኝም። ደቂቃውን ለስልሳ ሳያካፍሉት ነው ያስገቡት አይደል? ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሠላሳ ብለው?»

ሃልቨርሰንና ሰዎቹ ያንን ስህተት ለማግኘት አንድ ሙሉ ሌሊት ፈጅቶባቸው ነበር። ይህች ሴት ያለ መኪና፣ ያለ እርሳስ፣ በር ላይ ቆማ፣ መጽሐፍ ከዘጋች ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው ያገኘችው።

«አዎ» አለች አይዴላ። «እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

ሎሬይን ራሷን ነቀነቀች። ሂሳቡ በገጠመለት ሰው ፊት ላይ የምትታየው ትንሽ ደስታ፣ አይዴላ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቃት ያቺ ደስታ፣ ፊቷ ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች። ወረቀቱን በአራት አጠፈችው፣ በቀድሞው መታጠፊያ ላይ፤ ጃኬቷ ኪስ ከተተችው። ከዚያ ሰዓቷን አየች።

«አውቶቡሱን በአሥር ሰዓት መመለስ አለብኝ» አለችና ሄደች።

አንድ ሰው ለአይዴላ ኬክ በሳህን አስያዛት። በመስኮቱ በኩል ቢጫው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ስሟ በትልልቅ ፊደል በተጻፈበት አዲሱ ሰሌዳ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲዞር ታየዋለች። ሎሬይን ሰሌዳውን ዞራ አላየችውም፤ መንገዱን ነበር የምታየው። አይዴላ አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆመች፤ ሳህኑን እንደያዘች፣ ሳትቀምሰው።